ከመደምሰስ በፊት ሎጉን ማንበብ፦ በድሬዳዋ ቢሮዎች የዳታቤዝ ሰርቨር ለምን አልነሣ ይላል?

ማይኤስኪውኤል 8.0 የተባለው የዳታቤዝ ሰርቨር፣ ማለትም የድርጅትን መረጃ የሚይዝና ለፕሮግራሞች የሚያቀርብ ሶፍትዌር፣ ከአምራቹ ከኦራክል የሚያገኘው ድጋፍ የሚያበቃበት ጊዜ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2026 ተብሎ ተወስኗል፤ ከእርሱ በፊት የነበረው 5.7 እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 ዘመኑን ጨርሷል። ብዙዎች ሰርቨራቸውን የጫኑበት ሴንት ኦኤስ 7 የተባለው የሊኑክስ ስርዓተ ክወና እትምም እ.ኤ.አ. ከጁን 30 ቀን 2024 ወዲህ የደኅንነት ማሻሻያ አይለቀቅለትም። በዚህ የተነሣ ለዓመታት ማንም ሳይነካቸው ከጠረጴዛ ሥር ሲሠሩ የኖሩ ኮምፒውተሮች አሁን እየተከፈቱ አዲስ ሊኑክስና አዲስ የዳታቤዝ ሰርቨር እየተጫነባቸው ነው። በድሬዳዋ ይህ ሥራ የሚሠራው በአብዛኛው በትልቅ የዳታ ማዕከል ውስጥ አይደለም። የሚሠራው በከዚራ የትራንዚት ቢሮዎች፣ በመጋላ የጅምላ መደብሮች፣ በሳቢያን ክሊኒኮችና የግል ትምህርት ቤቶች ውስጥ ሲሆን፣ ባለሙያውም ብዙውን ጊዜ ኔትወርኩንም፣ ፕሪንተሩንም፣ ዳታቤዙንም ብቻውን የያዘ አንድ ሰው ነው።

ጭነቱ ሲከሽፍ የሚወሰደው የመጀመሪያ እርምጃ የታወቀ ነው፤ አጥፍቶ እንደገና መጫን። ልማዱ የተወረሰው ኮምፒውተር በታመመ ቁጥር «ፎርማት ይደረግ» ከሚባልበት የዊንዶውስ ጥገና ነው፤ እዚያ አንዳንድ ጊዜ ሠርቶ ስለነበር ሊኑክስ ላይም ይሠራል ተብሎ ይታሰባል። በዳታቤዝ ሰርቨር ላይ ግን እንደገና መጫን ከሁለት አንዱን ነው የሚያደርገው። ወይ ችግሩን ፈጽሞ አይነካውም፤ ምክንያቱም ፓኬጁ (የፕሮግራሙ የመጫኛ ጥቅል) ሲወገድ ዳታውና የማዋቀሪያ ፋይሎቹ ባሉበት ስለሚቀሩ አዲሱ ሰርቨር በዚያው በታመመው ዳታ ላይ ይነሣል። አለዚያም ሁሉንም ጠራርጎ ያጠፋና ከችግሩ ጋር መረጃውንም ምክንያቱን የሚናገረውንም ሎግ (ሰርቨሩ የሚያጋጥመውን ሁሉ የሚመዘግብበትን ፋይል) ይዞ ይሄዳል። ከዚህ በታች የሚቀርበው ትንታኔ ሰርቨሩ አልነሣ ያለበትን ምክንያት ከራሱ ከሰርቨሩ ቃል መረዳት እንደሚቻል፣ በከተማችን ሁኔታ ደግሞ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ከሶፍትዌሩ ጭነት ውጭ እንደሚገኝ ለማሳየት ነው።

አንድ ምሳሌ ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ከዚራ ውስጥ ባለ አንድ የትራንዚት ቢሮ፣ ኡቡንቱ በተባለው የሊኑክስ ስርጭት ላይ ይሠራ የነበረ ማይኤስኪውኤል መብራት ጠፍቶ ከተመለሰ በኋላ አልነሣ አለ። በስክሪኑ ላይ የወጣው መልእክት አገልግሎቱን የሚያስጀምረው ሂደት በስህተት መውጣቱን ብቻ የሚገልጽ፣ ስለ ምክንያቱ ግን ምንም የማይናገር ነበር። ወጣቱ ባለሙያ ፓኬጁን አንሥቶ እንደገና ሊጭን ሲሞክር ጭነቱ ራሱ መሐል ላይ ተቋረጠ፤ የፓኬጅ አስተዳዳሪው ዲፒኬጂ የስህተት ኮድ 1 መመለሱን አስታወቀ። «ጋሼ፣ ሙሉ በሙሉ ላጥፋውና ከዜሮ ልጀምረው?» ብሎ የቢሮውን ባለቤት ጠየቀ። «አቦ፣ የዓመቱ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን በሙሉ እዚያ ውስጥ አይደለም እንዴ! ምኑን ነው የምታጠፋው?» የሚል መልስ አገኘ።

ማጥፋት እንደማይቻል ሲታወቅ ነው የሎጉ ፋይል የተከፈተው። የመጨረሻው መስመር ሰርቨሩ ሥራውን ማቋረጡን ብቻ ይናገራል፤ ሁልጊዜም እንዲሁ ነው፤ ሎግን ከታች ጀምሮ ማንበብ የማያዋጣውም ስለዚህ ነው። ከመጨረሻው የማስነሻ ሙከራ መነሻ ጀምሮ ወደ ታች ሲነበብ፣ መጀመሪያ የተመዘገበው ስህተት ሰርቨሩ ጊዜያዊ የሥራ ፋይሉን መፍጠር እንዳልቻለና የስርዓተ ክወናው የስህተት ቁጥር 28 እንደሆነ ይገልጻል። በሊኑክስ 28 ማለት በዲስኩ ላይ ቦታ የለም ማለት ነው። የጭነቱ ሙከራ የከሸፈውም በዚሁ ምክንያት ነበር፤ ዲፒኬጂም ፋይሎቹን የሚዘረጋበት ቦታ አጥቷል። መብራቱ መጥፋቱ ችግሩን ገለጠው እንጂ አልፈጠረውም፤ ሰርቨሩ ሳይጠፋ በመቆየቱ ብቻ ነበር እስከዚያ የዘለቀው።

ቦታውን የጨረሰው ደግሞ ማይኤስኪውኤል ራሱ ነው። ከ8.0 ጀምሮ በዳታው ላይ የሚደረገው ለውጥ ሁሉ ባይናሪ ሎግ በተባሉ ፋይሎች እንዲመዘገብ ተደርጎ ይጫናል፤ ፋይሎቹም ማንም ካልቀየረው 30 ቀን ይቆያሉ። በትልቅ ዲስክ ላይ ይህ አይሰማም። በአነስተኛ ኤስኤስዲ ላይ፣ በተለይ በየሌሊቱ ብዙ መስመር የሚያስገባ ፕሮግራም ካለ፣ አንድ ወር ሳይሞላ ዲስኩን ሊሞላው ይችላል። እዚህ ላይ ባለሙያዎችን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። ኤክስት 4 በተባለው የሊኑክስ ፋይል አቀማመጥ የተዘጋጀ ዲስክ በተለምዶ ከመቶ አምስት የሚሆነውን ቦታ ሩት ለተባለው ሙሉ ሥልጣን ላለው ተጠቃሚ ብቻ ያስቀምጣል። ባለሙያው ሩት ሆኖ ፋይል ሲፈጥር ስለሚሳካለት «ቦታማ አለ» ይላል፤ ማይኤስኪውኤል ግን የሚሠራው በራሱ ስም እንጂ በሩት ስም ስላልሆነ ለእርሱ ዲስኩ ሙሉ ነው።

መፍትሔው ፋይሎቹን በእጅ መሰረዝ አይደለም፤ ሰርቨሩ የራሱን ባይናሪ ሎግ ዝርዝር ስለሚይዝ የተመዘገበ ፋይል ሲታጣ ሌላ ጣጣ ይመጣል። መጀመሪያ የወረዱ ፓኬጆች የተከማቹበትንና ጆርናል የተባለውን የስርዓቱን የክንውን መዝገብ በማጽዳት ሰርቨሩ የሚነሣበትን ያህል ቦታ ማስለቀቅ፣ ከዚያ በተነሣው ሰርቨር ውስጥ አሮጌ ባይናሪ ሎጎችን በራሱ ትዕዛዝ ማስወገድና የመቆያ ጊዜያቸውን ማሳጠር፣ በመጨረሻም መሐል ላይ የቆመውን ጭነት ዲፒኬጂ እንዲጨርሰው ማዘዝ ነው። በተጠቀሰው ቢሮ የጠፋ አንድም ዲክላራሲዮን አልነበረም።

ቁጥሮቹ የሚናገሩት

ባለሙያዎች በብዛት የሚጋፈጡት የስህተት ቁጥር 2002 ነው። ትርጉሙ የደንበኛው ፕሮግራም በዚያው ኮምፒውተር ላይ ካለው ሰርቨር ጋር በሶኬት ፋይሉ (በአንድ ኮምፒውተር ላይ ያሉ ፕሮግራሞች በሚገናኙበት ፋይል) በኩል መገናኘት አልቻለም የሚል ነው። አብዛኛው ሰው የሚያነበው 2002ን ሲሆን፣ ፍንጩ ያለው ግን በመልእክቱ መጨረሻ በቅንፍ የሚቀመጠው ትንሽ ቁጥር ላይ ነው። ቁጥሩ 2 ከሆነ የሶኬት ፋይሉ የለም፤ ይኸውም ሰርቨሩ አልተነሣም፣ ወይም ተነሥቶ ሶኬቱን ደንበኛው ከሚፈልግበት ሌላ ቦታ ፈጥሮታል። 13 ከሆነ ፋይሉ አለ፤ ጠያቂው ግን ወደዚያ የመድረስ ፈቃድ የለውም። 111 ከሆነ ደግሞ ፋይሉ ካለፈው ሥራ ተርፎ ቀርቷል፤ ከኋላው የሚያዳምጥ ሰርቨር የለም። ሦስቱም በስክሪን ላይ አንድ ዓይነት መስለው ይታያሉ፤ የሚጠይቁት ሥራ ግን ፍጹም የተለያየ ነው።

ሌላው የሚያስጨንቀው በቁጥር 1698 ወይም 1045 የሚመጣው የሩት መከልከል ነው። አዲስ የተጫነ ሰርቨር ገና የይለፍ ቃል ሳይሰጠው ሩትን ሲከለክል ማየት እንግዳ ስለሚሆን ብዙዎች ጭነቱ ተበላሽቷል ብለው ይደመድማሉ። የተበላሸ ነገር የለም። በኡቡንቱ ላይ ማይኤስኪውኤል፣ ዴቢያን በተባለው ሌላ የሊኑክስ ስርጭትና በኡቡንቱ ላይ ደግሞ ከማይኤስኪውኤል ኮድ የተወለደው ማሪያዲቢ የዳታቤዙን ሩት የሚለዩት በይለፍ ቃል አይደለም፤ ጥያቄውን ያቀረበው የሊኑክሱ ተጠቃሚ ራሱ ሩት መሆኑን በሶኬቱ በኩል አይተው ነው። ስለዚህ ትዕዛዝን በሩት ሥልጣን በሚያስፈጽመው በሱዶ መግባት ይበቃል። ለሒሳብ ወይም ለክሊኒክ ፕሮግራሙ ደግሞ የሩትን በር ከመክፈት ይልቅ የራሱ ስም፣ የራሱ የይለፍ ቃልና በአንድ ዳታቤዝ የተወሰነ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ መፍጠር ነው የሚገባው።

የይለፍ ቃሉ ትክክል ሆኖም አሮጌ ፕሮግራም ላይገባ ይችላል። ማይኤስኪውኤል 8.0 የይለፍ ቃል የሚያረጋግጥበትን ዘዴ ቀይሯል፤ በአሮጌ ፒኤችፒ (የድረ ገጽ ፕሮግራም ቋንቋ) ወይም በአሮጌ የዊንዶውስ ማገናኛ የተሠሩ የሽያጭ ፕሮግራሞች አዲሱን ዘዴ አያውቁትም። በ8.0 ላይ ለዚያ ተጠቃሚ ብቻ የድሮውን ዘዴ መመለስ ይቻል ነበር። በ8.4 የድሮው ዘዴ ተዘግቶ የሚመጣ ሲሆን ከ9.0 ጀምሮ ጭራሽ ወጥቷል። እንደ እኔ አስተያየት ቢሮው ወደ አዲሱ ከመሸጋገሩ በፊት የፕሮግራሙን ሠሪ አግኝቶ ይህን አንድ ጥያቄ መጠየቅ ከማንኛውም ቴክኒካዊ ዝግጅት ይቀድማል፤ ሠሪው ስልኩን የማያነሣ ከሆነም ያንኑ ቀድሞ ማወቁ ትርፍ ነው።

ከቀድሞው የተረፈ

የዴቢያንና የኡቡንቱ ፓኬጅ አስተዳዳሪ ፓኬጅን በሁለት መንገድ ያወጣል። ቀላሉ መንገድ ፕሮግራሙን ብቻ ያነሣና የማዋቀሪያ ፋይሎቹን፣ የዳታውንም ማኅደር ሳይነካ ይተዋል። ሁለተኛው መንገድ ማዋቀሪያውን ጭምር ያጠፋል፤ ዳታውም ይጥፋ እንደሆነ በመሐል ይጠይቃል። በዚያ ጥያቄ ላይ ሳያነብቡ «እሺ» ብሎ ማለፍ የብዙ ዓመት መዝገብ የሚጠፋበት ቅጽበት ነው።

የተረፈው ዳታ ከአዲሱ ሰርቨር ጋር የማይስማማበት ዋና ምክንያት የማይኤስኪውኤልና የማሪያዲቢ መለያየት ነው። ማይኤስኪውኤል ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ባለቤቱን የስዊድን ኩባንያ ሰን ማይክሮሲስተምስ እ.ኤ.አ. በ2008 በ1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው፤ ሰንን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 ኦራክል ጠቀለለው። ከማይኤስኪውኤል ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ሚካኤል ዊደኒየስ ይህን ሽግግር ባለመቀበል እ.ኤ.አ. በ2009 ከዚያው ኮድ ማሪያዲቢን ጀመረ። ዴቢያን እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው 9ኛ እትሙ ጀምሮ ነባሪ ሰርቨሩን ማሪያዲቢ አድርጓል፤ ኡቡንቱ ሁለቱንም ያቀርባል። ሁለቱ ለብዙ ዓመታት እርስ በርስ ይተካኩ ስለነበር ዛሬም እንደዚያው የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ማይኤስኪውኤል 8.0 የሠንጠረዦቹን ውስጣዊ መዝገብ አያያዝ ከለወጠ በኋላ ግን የአንዱን የዳታ ማኅደር በሌላው ላይ ማስነሣት አይቻልም። በአንድ ኮምፒውተር ላይ ዛሬ አንዱን፣ ነገ ሌላውን እያፈራረቁ የሚሞክሩ ባለሙያዎች የሚያገኙት ውጤት፣ አንዳቸውም የማያውቁት የዳታ ማኅደርና ለመነሣት እምቢ ያለ ሰርቨር ነው። ማይኤስኪውኤልም ከከፍተኛ እትም ወደ ዝቅተኛው መመለስን አይቀበልም። ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገሪያው መረጃውን በጽሑፍ መልክ አውጥቶ በአዲሱ ውስጥ እንደገና ማስገባት ብቻ ነው፤ ለዚህ ደግሞ አሮጌው ሰርቨር በሕይወት እያለ መጀመር ያስፈልጋል።

ከዚሁ ጋር የሚነሣው በኮምፒውተሩ ላይ አስቀድሞ የተጫነ ዛምፕ ነው። ተማሪዎችና የድረ ገጽ ሠሪዎች የሚወዱት ይህ ጥቅል የራሱ ማሪያዲቢ ስላለው 3306 የተባለውን ፖርት (ሰርቨሩ ጥያቄ የሚቀበልበትን የኔትወርክ በር) ይይዛል፤ በኋላ የሚጫነው ሰርቨር አድራሻው ተይዟል ብሎ ይቆማል። ሎጉ ይህን በግልጽ ስለሚናገር ብዙ አያደክምም።

የፈቃድ ችግር ግን ያደክማል። ብዙውን ጊዜ የሚከሰተው የዳታው ማኅደር ከትንሹ ዲስክ ወደ ሰፊው ሲዛወር ነው። ባለቤትነቱ ለማይኤስኪውኤል ተሰጥቶ፣ ፈቃዱ ተስተካክሎም ሰርቨሩ ቁጥር 13 እያነሣ ይከለከላል። በኡቡንቱ ላይ ከተራው የፋይል ፈቃድ በላይ አፕአርመር የተባለ ሌላ ጠባቂ አለ፤ ማይኤስኪውኤል የትኞቹን ማኅደሮች መንካት እንደሚችል በስም ዘርዝሮ ስለያዘ አዲሱ ቦታ በዝርዝሩ ካልተጨመረ አያሳልፍም። ክልከላው የሚመዘገበው በማይኤስኪውኤል ሎግ ላይ ሳይሆን በከርነሉ፣ ማለትም በሊኑክስ እምብርት፣ ሎግ ላይ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ ለሁሉም ፋይል 777 የተባለውን ሙሉ ፈቃድ ይሰጣል። ይህ እርምጃ ምሥጢርን ከማጋለጡም በላይ አዲስ ብልሽት ይወልዳል፤ ማይኤስኪውኤል ማንም ሊጽፍበት የሚችል የማዋቀሪያ ፋይል ሲያገኝ አላምነውም ብሎ ያልፈዋል፤ ስለዚህ ባለሙያው በፋይሉ ውስጥ የሚያስተካክለው ሁሉ ምንም ለውጥ አያመጣም። ፖስትግሬስኪውኤል የተባለው ሌላ የዳታቤዝ ሰርቨር ይበልጥ ጥብቅ ነው፤ የዳታ ማኅደሩ ለሌሎች ክፍት ሆኖ ካገኘው ጭራሽ አይነሣም። ሰፊው ዲስክ ከዊንዶውስ ኮምፒውተር የመጣና በኤንቲኤፍኤስ የተዘጋጀ ከሆነ ደግሞ የሊኑክስን የባለቤትነት ሥርዓት በወጉ ስለማይዝ፣ ዲስኩን ለሊኑክስ እንደገና ማዘጋጀት ይሻላል።

መብራት፣ ሙቀትና ሰዓት

በማይኤስኪውኤል ውስጥ ዛሬ ነባሪ የሆነው ኢኖዲቢ የተባለው የማከማቻ ክፍል መብራት ድንገት ሲጠፋ እንዲተርፍ ተደርጎ የተሠራ ነው። እያንዳንዱ የጸደቀ ለውጥ አስቀድሞ በማገገሚያ ሎጉ ላይ ስለሚጻፍ፣ ሰርቨሩ ሲነሣ ያልተጠናቀቀውን ራሱ ያስተካክላል። ማገገሙ በትልቅ ዳታ ላይ ጊዜ ይወስዳል፤ በዚህ መሐል «ቆሟል» ብሎ በኃይል ማጥፋት ሥራውን ከመጀመሪያው ያስጀምረዋል። ዋስትና የሌላቸው ማይአይሳም በተባለው በአሮጌው የማከማቻ ክፍል የተሠሩ፣ ከድሮ የተወረሱ ሠንጠረዦች ናቸው፤ እነርሱ መብራት ሲጠፋ ተበላሽቷል የሚል ምልክት ይዘው ሊነሡ ይችላሉ። ወደ ኢኖዲቢ መለወጥ በአንድ ትዕዛዝ የሚያልቅ ሥራ ሆኖ ሳለ ብዙ ቦታ እስካሁን አልተሠራም።

ኢኖዲቢም ማገገም ሲያቅተው በግድ ማስነሻ የሚባል ከ1 እስከ 6 ደረጃ ያለው አማራጭ አለ። ከ1 እስከ 3 ያሉት በአንጻራዊነት ለዳታው ደኅና ናቸው። ከ4 ጀምሮ ያሉት ግን ዳታውን ለዘለቄታው ሊያበላሹት ይችላሉ። አሳዛኙ ነገር ብዙ ሰው «ጠንከር ያለው ይሻላል» በሚል ከ6 መጀመሩ ነው። መጀመሪያ ሰርቨሩ በቆመበት የዳታ ማኅደሩን እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ፣ ከዚያ ከ1 ጀምሮ አንድ በአንድ እየጨመሩ መሞከር፣ በተነሣበት ደረጃ ላይ ደግሞ ሥራ ከመቀጠል ይልቅ መረጃውን አውጥቶ በንጹሕ ሰርቨር ውስጥ ማስገባት ያስፈልጋል።

ዩፒኤስ መኖሩ ብቻ በድሬዳዋ ብዙ አያረጋጋም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ በ1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት፤ የዩፒኤስ ሊድ አሲድ ባትሪ ደግሞ ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ዕድሜው በግማሽ ያህል እንደሚያጥር በሙያው የታወቀ ነው። ከ1,800 ሜትር በላይ ባለችው ሐረር ዓመታት የሚቆይ ባትሪ እዚህ በዝግ ክፍል ውስጥ ቀድሞ ይደክማል፤ አረንጓዴ መብራቱ ግን እንደበራ ነው። ስለዚህ ዩፒኤሱን ከሶኬት ነቅሎ ለስንት ደቂቃ እንደሚይዝ መፈተሽ የሰርቨር ጭነት አካል ተደርጎ ቢወሰድ አይበዛበትም።

ከመብራት መጥፋት ጋር የሚያያዝ፣ ግን ማንም የማይጠረጥረው ሌላ ምክንያት ሰዓት ነው። የማዘርቦርዱ ባትሪ የሞተበት አሮጌ ኮምፒውተር ከረጅም የመብራት መጥፋት በኋላ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቀራል። በዚህ ጊዜ የፓኬጅ አውራጁ ኤፒቲ የሚያገኘው የፓኬጆች ዝርዝር ገና ወደፊት የሚወጣ ስለሚመስለው «ይህ ፋይል ገና አልጸናም» ብሎ ይመልሰዋል፤ የድረ ገጾች የደኅንነት ምስክር ወረቀትም በዚሁ ምክንያት ውድቅ ሊሆን ይችላል። ሰዓቱን በእጅ ሲያስተካክሉ ደግሞ የሚፈጸም የእኛው አገር ስህተት አለ፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን ኮምፒውተሩ ላይም 3 ተብሎ ይሞላል። ኮምፒውተሩ 9 መባል ነበረበት፤ አሁን በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል። የደኅንነት ማሻሻያ ዝርዝሮች በቀን ውስጥ ደጋግመው ስለሚታደሱ፣ የስድስት ሰዓት ልዩነት አንዳንድ ቀን ጭነቱን ያሰናክላል፤ አንዳንድ ቀን ያሳልፈዋል፤ ባለሙያውም ጥፋቱን ኔትወርኩ ላይ ያሳብባል። የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ ላይ አድርጎ ሰዓቱን ከኢንተርኔት እንዲወስድ ማዘዝ ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ኔትወርክ ላይ የሚሳበበው ሁሉ የኔትወርክ አይደለም። ሴንት ኦኤስ 7 የፓኬጅ ማውረጃ አድራሻው ከተዘጋ ወዲህ አድራሻውን ማግኘት አልቻልኩም ይላል፤ መስመር ቢቀያየርም መልሱ ያው ነው። በነሐሴ 2014 ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎቱን ከሁሉም ከተሞች አስቀድሞ በድሬዳዋ ስለከፈተ፣ ከኢትዮ ቴሌኮም ወደ ሳፋሪኮም፣ ከዚያም ወደ ኢትዮ ቴሌኮም እየተመላለሱ መሞከር እዚህ የተለመደ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ግን ዳታ ከመፍጀት በቀር ጥቅም የለውም። በኡቡንቱ ላይ ደግሞ ኮምፒውተሩ እንደተነሣ በጀርባ የሚሠራው ራስ ገዝ ማሻሻያ የፓኬጅ አስተዳዳሪውን ቁልፍ ይይዛል፤ በቀርፋፋ መስመር ላይ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ላይለቀው ይችላል። የቁልፉን ፋይል መሰረዝ በግማሽ የተጫነ ስርዓት ስለሚያስከትል መጠበቁ ይመረጣል። አሮጌው ኮምፒውተር ራሱም ገደብ ያበጃል፤ ሬድ ሃት 9 የተባለው ሊኑክስና ከእርሱ የተወለዱ ስርጭቶች በኮር 2 ዱዎ ዘመን ፕሮሰሰሮች ላይ አይሠሩም፤ ሞንጎዲቢ የተባለው የዳታቤዝ ሰርቨርም ከ5.0 ጀምሮ ኤቪኤክስ የተባለው የትዕዛዝ ስብስብ የሌለው ፕሮሰሰር ላይ እንደተጀመረ ይወድቃል። እንዲህ ባለ ማሽን ላይ የቱንም ያህል ጊዜ እንደገና ቢጫን ለውጥ የለውም።

ዳታው ሲገባ የሚወጣው ጉድ

ሰርቨሩ ተነሥቶ ሁሉም ነገር ደኅና ሲመስል፣ ከአሮጌው የወጣው ዳታ ሲገባ በቁጥር 1292 ይቆማል፤ የቀኑ ዋጋ ትክክል አይደለም ይላል። በእኛ አገር ይህ ስህተት የራሱ ታሪክ አለው። ብዙ የሒሳብና የክሊኒክ ፕሮግራሞች የኢትዮጵያን ቀን በቀጥታ የቀን ዓይነት ባለው ዓምድ ውስጥ ይጽፋሉ። ዳታቤዙ የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ብቻ ስለሆነ ሁለተኛውን ወር ፌብሩዋሪ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ጥቅምት 30 የሚባል ቀን ለእርሱ የለም። ጥቅምት 29 ደግሞ በ2012 ይቀበለዋል፣ በ2013 አይቀበለውም፤ 2012 ለአራት ስለሚካፈል ነው። ጳጉሜን ሙሉ በሙሉ ከጨዋታ ውጭ ነው፤ 13ኛ ወር የለምና። ከ5.7 በፊት የነበሩት እትሞች እንዲህ ያለውን ቀን ሲያገኙ በማስጠንቀቂያ ብቻ ወደ ዜሮ ለውጠው ያስቀምጡት ነበር። ከ5.7 ጀምሮ ጥብቅ አሠራር ነባሪ ሆነ፤ ዛሬ ዳታው ሲገባ የሚወድቀው ያኔ በዝምታ ወደ ዜሮ የተለወጠው ቀን ነው።

ጥብቅነቱን አጥፍቶ ማስገባት ይቻላል፤ ብዙዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። እኔ የማልስማማው ስህተቱን ለቀጣዩ ባለሙያ ስለሚያስተላልፍ ነው። ዳታው ለጊዜው በላላ ሁኔታ ከገባ በኋላ ዜሮ ቀን ያላቸውን መስመሮች መዘርዘር፣ ከወረቀት ደረሰኝ ጋር እያስተያዩ ማረም፣ የኢትዮጵያን ቀን ደግሞ ዓመት፣ ወርና ቀን ተብለው በተለያዩ የቁጥር ዓምዶች ማስቀመጥ ወይም ወደ ፈረንጁ ለውጦ ማስቀመጥ ዘላቂው መንገድ ነው። በተለይ የጥቅምትና የጳጉሜን ሒሳብ የማይገጥምላቸው ድርጅቶች መጀመሪያ ሊያዩ የሚገባው እዚህ ነው።

የግዕዝ ፊደልም የራሱ ፈተና አለው። ከ8.0 በፊት የማይኤስኪውኤል ነባሪ የፊደል ስብስብ ላቲን 1 የተባለው ስለነበር ግዕዝ አይይዝም። በዚያ ውስጥ የተጻፈ የአማርኛ ስም ወይ የጥያቄ ምልክት ሰልፍ ይሆናል፣ ወይም ባለ ምልክት የላቲን ፊደላት ዝብርቅ ይሆናል። ሁለቱ እኩል አይደሉም። የጥያቄ ምልክት የሆነው ዋናው ፊደል ጠፍቷል፤ ከወረቀት በቀር የሚመልሰው የለም። ዝብርቁ ግን ፊደሉ ባይት በባይት ተቀምጦ አነባበቡ ብቻ የተሳሳተ ስለሆነ በጥንቃቄ ሊመለስ ይችላል። ከማይኤስኪውኤል 8.0 የወጣ ዳታ ወደ ማሪያዲቢ ሲገባ ደግሞ በቁጥር 1273 የማላውቀው የፊደል አደራደር ነው የሚል ስህተት በብዙ የማሪያዲቢ እትሞች ላይ ይወጣል፤ በወጣው የጽሑፍ ፋይል ውስጥ የአደራደሩን ስም ሁለቱም በሚያውቁት መተካት ይፈታዋል።

የቀረው ሰርቨሩን ለሌሎች ኮምፒውተሮች መክፈት ነው። የኡቡንቱ ጭነት ሰርቨሩ ከራሱ ከኮምፒውተሩ ለሚመጣ ጥያቄ ብቻ እንዲያዳምጥ አድርጎ ስለሚተወው፣ ከካሸሯ ኮምፒውተር መገናኘት ሲያቅት ብዙዎች ከየትም እንዲያዳምጥ ያደርጉና ለሩት ከየትኛውም አድራሻ የመግባት ሥልጣን ይሰጡታል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከጸና በኋላ የበሽተኛ ወይም የደንበኛ መዝገብ የያዘ ድርጅት ይህን በቸልታ ሊያልፈው አይችልም። ሰርቨሩ በቢሮው የውስጥ ኔትወርክ አድራሻ ላይ ብቻ ያዳምጥ፤ የፕሮግራሙ ተጠቃሚም ከዚያው የአድራሻ ክልል ብቻ እንዲገባ ይወሰን። ከአዲስ አበባ ወይም ከጅቡቲ ሆኖ መግባት ያለበት ሠራተኛ ካለ በኤስኤስኤች ወይም በቪፒኤን፣ ማለትም በተመሰጠረ መስመር፣ በኩል ይግባ፤ በራውተሩ ላይ 3306ን ለውጭ የሚከፍት መስመር ካለ ግን ዛሬውኑ መዘጋት አለበት።